ስሟ ያልለየላት ጢንዚዛ፦ ከወጥመዱ እስከ መለያ ወረቀቱ

በክረምት ማታ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ በረንዳ ላይ መብራት አብርቶ የተቀመጠ ሰው ያውቃታል። ከቡና ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ጢንዚዛ ናት። የክንፎቿ ክዳን የገለባ መልክ አለው፤ ራሷና ደረቷ ግን ጠቆር ብሎ እንደ አሮጌ መዳብ አረንጓዴ ያንጸባርቃል። አምፖሉን ገጭታ ሲሚንቶው ላይ በጀርባዋ ትወድቅና እግሮቿን ታወራጫለች፤ ጠዋት ከቤቱ ጥራጊ ጋር ትጣላለች። በዚህ ከተማ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ 27ኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከዚያ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ለተማሪዎቼ የዚህችን ጢንዚዛ ስም በልበ ሙሉነት ስነግራቸው ኖሬአለሁ። ዛሬ ያንኑ ስም በሙሉ ልብ አልናገረውም።

ስሙ ጋዜላ ነው። ዴንማርካዊው ፋብሪሲየስ እ.ኤ.አ. በ1787 ያወጣው ሲሆን ሚዳቋ እንደማለት ነው፤ በወንዱ ራስ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ቀንዶች ያየ በስሙ አይገረምም። ወገኗ (የቅርብ ዘመድ ዝርያዎች ስብስብ ማለት ነው) ቀድሞ ኦንቶፋገስ ይባል ነበር፣ በኋላ ዲጂቶንቶፋገስ ተባለ። የከብት እበትን በፍጥነት ስለምትቀብር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ አውስትራሊያ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ወደ ቴክሳስ ተወስዳ በግጦሽ መሬት ላይ ተለቅቃለች። እንዲህ ዓለም ያወቃትን ጢንዚዛ ማን ይጠራጠራል? ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ፍራንሷ ዤኒየ እና ፊሊፕ ሞሬቶ የተባሉ ተመራማሪዎች ከአፍሪካ የተሰበሰቡ ናሙናዎችን መርምረው፣ ጋዜላ ሲባል የኖረው አንድ ዝርያ ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ የሚመሳሰሉ የበርካታ ዝርያዎች ስብስብ መሆኑን አሳዩ።

ይህን ባወቅሁ ጊዜ ሣጥኔን ከፈትኩ። «ጋዜላ» ብዬ የጻፍኩባቸው 43 ጢንዚዛዎች ነበሩኝ። የትኛው የትኛው እንደሆነ እንደገና ለመመርመር ስነሣ፣ የተያዙበት ቦታና ቀን በትክክል የተጻፈባቸው 12 ብቻ ሆነው አገኘኋቸው። በቀሩት ላይ ያለው «ድሬዳዋ፣ ክረምት» የሚል ብቻ ነው። ያን ዕለት ያዘንኩትን ያህል ለአንድ ሣጥን አዝኜ አላውቅም፤ ስም ሊታረም ይችላል፣ ያልተጻፈ ቦታና ቀን ግን ከየትም አይመጣም። ስለዚህ እዚህ አገር ጢንዚዛ መሰብሰብ ለሚፈልግ ሁሉ፣ በተለይ ለወጣት መምህራንና ለተማሪዎች፣ ሥራውን ከመነሻው እንዴት እንደሚይዙት ልጻፍ።

ወጥመዱ ቀላል ነው። ባዶ የቲማቲም ጣሳ፣ የሻሽ ቁራጭ፣ ሲባጎና ሁለት ዘንግ ይበቃል። ጣሳውን አፉ ከመሬቱ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ቅበሩት፤ ጠርዙ ጥቂት እንኳ ከፍ ካለ ጢንዚዛዋ ዙሪያውን ዞራ ትሄዳለች። ሎሚ የሚያክል እበት በሻሹ ቋጥራችሁ ሁለቱን ዘንጎች አቆላልፋችሁ ከጣሳው አፍ በላይ አንጠልጥሉት። ጣሳው ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ውሃና ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ፤ ሳሙናው ከሌለ ጢንዚዛዋ ውሃው ላይ ተንሳፍፋ ግድግዳውን ይዛ ትወጣለች። ማታ 12 ሰዓት አስቀምጣችሁ ጠዋት 12 ሰዓት አንሡት፤ የቀኑን ደግሞ ለብቻው አድርጉ። በቀን የሚበርሩትና በሌሊት የሚበርሩት ሌላ ሌላ ናቸውና አትቀላቅሏቸው።

የምን እበት? እዚህ ላይ አማርኛችን ከብዙ መጻሕፍት የተሻለ ያግዘናል። የላም ሲሆን እበት ነው፣ የአህያና የፈረስ ፋንድያ፣ የበግና የፍየል በጠጥ፣ ደርቆ ለማገዶ ሲሆን ኩበት፣ ለማሳ ሲሆን ፍግ። አርሶ አደሩ የለየውን እናንተም ለዩ። አንዳንዱ ጢንዚዛ የላሙን ትቶ የፈረሱን ይመርጣል፤ «ከፍግ ላይ የተገኘ» ብሎ የጻፈ ሰው ይህን መረጃ በገዛ እጁ ጥሎታል።

ወጥመድ ስታስቀምጡ አንድ ነገር አደራ፦ በክረምት ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ እንዳታድሩ፣ ልጆችንም እንዳትልኩ። ድሬዳዋ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ በደንገጎ በኩል ደጋው ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ በሌሊት ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የሆነውን ያየ የከተማው ሰው ይህን ሁለት ጊዜ አይነገረውም።

ሐረር ላይ የምመርጠው ከጀጎል ግንብ ውጭ ኤረር በር አካባቢ ነው። ጭነት ይዘው የሚመጡ አህዮች ስለሚቆሙበት ፋንድያ አይጠፋም። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ጎንበስ ብዬ ፋንድያውን በእንጨት ስበትን አንድ ሽማግሌ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ ወርቅ ወደቀብሽ ወይ?» አሉኝ። «አይ አባባ፣ ጢንዚዛ ነው የምፈልገው» አልኳቸው። ምንም አልተገረሙም። ከዘራቸውን ዘርግተው «እንግዲያው የዛሬውን ተዪው፣ የትናንቱን ገልብጪ» አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ። እውነታቸውን ነበር። ትኩሱ ላይ ገና እየበረሩ የሚያርፉ ጥቂት ነበሩ፤ አንድ ቀን ያደረው ሥር ግን መሬቱ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ቆፋሪዎቹን ለማግኘት በትንሽ አካፋ ጉድጓዱን ተከትሎ አንድ ስንዝር መውረድ ያስፈልጋል።

(አበባና ፍራፍሬ የሚበሉት፣ ማሽላ ላይ የሚወርደውም ጢንዚዛ ጭምር፣ በእበት አይያዙም። ለእነሱ በጣም የበሰለ ሙዝ በጣሳው ውስጥ አድርጋችሁ ዛፍ ላይ ስቀሉ። ስለ እነሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።)

የተያዘውን በላስቲክ ጠቅልላችሁ አንድ ሌሊት ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። በማግስቱ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አጽዱት፤ ጭቃ የያዘ ጢንዚዛ ምንም ምልክት አያሳይም። ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ እስፒሉን በቀኝ ክንፍ ክዳኑ ላይ ውጉት፤ መሐሉን ከወጋችሁ ሁለቱ ክዳኖች የሚጋጠሙበትን መስመር ታበላሻላችሁ። የልብስ ሰፊ እስፒል በጊዜ ብዛት ይዝጋል፣ ሌላ ከሌለ ግን ከምንም ይሻላል። ትንሿን ጢንዚዛ አትውጉ። ከወፍራም ወረቀት ቀጭን ሦስት ማዕዘን ቁረጡና ሰፊ ጎኑን እስፒሉ ላይ፣ ሹል ጫፉን ከጢንዚዛዋ ቀኝ ጎን ሥር በነጭ ኮላ አጣብቁ። ነጭ ኮላ በውሃ ይለቃል፤ ኋላ ሆዷን ለማየት ስትፈልጉ ይህ ያስፈልጋችኋል። ከአንድ ቦታ ብዙ ካገኛችሁ ሁለት ሦስቱን 95 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል አስቀምጡ፤ ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶው ለአካሏ ይበቃል እንጂ ለዘረመል ምርመራ አይመረጥም።

አሁን ወደ መለያ ወረቀቱ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ወረቀቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ በእርሳስ ወይም በማይለቅ ቀለም ይጻፍ። በተራ እስክሪብቶ የተጻፈ አልኮል ውስጥ ይሟሟል። የኔ አንዷ ጢንዚዛ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ኢትዮጵያ፣ ሐረር፣ ኤረር በር፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ። መስከረም 12 ቀን 2009 ዓ.ም. = ሴፕቴምበር 22 ቀን 2016። የአህያ ፋንድያ፣ የሌሊት ወጥመድ።» ከሥሩ የሰብሳቢው ስም አለ፤ በሁለተኛ ወረቀት ላይ ደግሞ ይኸው በላቲን ፊደል ተጽፏል።

ሁለቱን ቀን ለምን ጻፍኩ? ይህችኑ ቀን «12/1/2009» ብዬ ብተዋት ኖሮ ውጭ አገር ያለ መርማሪ ጃንዋሪ 12 ቀን 2009 ብሎ ያነባታል። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ወደ ኋላ ተወሰደች ማለት ነው። ዓመቱ ብቻ አይደለም የሚሳሳተው። ክረምቱ ሲወጣ የበረረችው ጢንዚዛ በደረቁ ጥር የበረረች ትመስላለች፤ የዝርያዋ የመውጫ ወቅት በሐሰት ይመዘገባል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። «ማታ 2 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ፤ «2 ሰዓት» ብቻ ከሆነ አንዱ ጠዋት ይለዋል፣ ሌላው ከእኩለ ሌሊት በኋላ።

የቦታው ስም ደግሞ የባሰ ወጥመድ አለው። አንድ ጊዜ አንድ ተማሪዬ ከዘመዱ የተረፈ የጢንዚዛ ሣጥን አመጣልኝ። በጥሩ እጅ የተወጋ፣ አቧራ ያልነካው ሣጥን ነበር። ወረቀቶቹ ሁሉ «ኤረር» ይላሉ፤ ሌላ ቃል የለም። የትኛው ኤረር? ከሐረር ወደ ባቢሌ ሲወረድ የሚገኘው የኤረር ሸለቆ አለ። ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ በባቡሩ መስመር ላይ ያለችው፣ ፍል ውሃዋ የታወቀው የኤረር ከተማ አለች። ራሱ ኤረር በር አለ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህ አጭር መንገድ ቆላው ወይና ደጋ ይሆናል፣ ጢንዚዛዎቹም ይለወጣሉ። ያ ሁሉ ድካም በአንድ ቃል ጉድለት ከንቱ ቀረ። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ትልቁን ቦታ፣ ትንሹን ቦታ፣ ከታወቀ ምልክት ያለውን ርቀት። ስልካችሁ የቦታውን መጋጠሚያ ቁጥር (ጂፒኤስ) የሚያሳይ ከሆነ ከነጥብ በኋላ አራት አኃዝ ያዙ፤ ያ አሥር ሜትር ገደማ ድረስ ያደርሳል፣ ሁለት አኃዝ ብቻ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ያሳስታል።

በዚህ ወረቀት ላይ የጢንዚዛዋን ስም በፍጹም አትጻፉ። ስም የራሱ ወረቀት አለው፣ ከሥር ይሰካል፤ ስሙን የሰጠው ሰውና የሰጠበት ዓመት አብሮ ይጻፋል።

ስሙን ፍለጋ

ጠዋት በመስኮት ብርሃን፣ አሥር ጊዜ በሚያጎላ አጉሊ መነጽር ሥሩ። መጀመሪያ አንቴናዋን ተመልከቱ። ጫፉ ላይ ትንሽ ጉብታ ይታያል፤ በቀጭን መርፌ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ስትነኩት ጉብታው ሦስት ስስ ቅጠሎች ሆኖ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣል። በሕይወት እያለች ሽታ ስትፈልግ ትዘረጋቸዋለች፣ ስትቆፍር ትሰበስባቸዋለች። ቅጠላማ አንቴና የዚህ አስተኔ (የብዙ ወገኖች ስብስብ) እና የቅርብ ዘመዶቹ ምልክት ነው። አስተኔው ስካራባይዴ ይባላል፤ በዓለም ላይ ከ30,000 በላይ ዝርያዎች አሉት።

ቀጥሎ የኋላ እግር ቅልጥም ጫፍ ላይ ያለውን ሾህ ቁጠሩ። አንድ ከሆነ እውነተኛዎቹ የእበት ጢንዚዛዎች ናቸው፤ ሁለት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እበት ውስጥ የሚኖሩት ትንንሾቹ አፎዲየሶች ናቸው። የፊት እግሯንም እዩ። ኳስ እያንከባለለች የምትሄደውን ትልቋን ጥቁር ጢንዚዛ ከያዛችሁ የፊት እግሮቿ ጫፍ መዳፍ የላቸውም፤ እንደ መጋዝ ጥርስ ባለው ቅልጥም ያበቃሉ። በየዓመቱ አንድ ተማሪ «መምህር፣ እግሯን ሰበርኩት» ብሎ ደንግጦ ይመጣል። አልተሰበረም። ስካራቤየስና ዘመዶቹ ሲፈጠሩም እንደዚሁ ናቸው።

ቀንድ ከባድ ማሳሳቻ ነው። በኦንቶፋገስና በቅርብ ዘመዶቹ ብዙ ዝርያዎች ውስጥ በልጅነቱ በደንብ የበላ ወንድ ረጅም ቀንድ ያወጣል፤ ምግቡ ያነሰበት ወንድም ምልክት ብቻ የሚመስል አጭር ቀንድ ይዞ ይቀራል። ሴቷ ብዙ ጊዜ የላትም። ከአንድ የፋንድያ ክምር ሥር ያወጣችኋቸው እነዚህ ሦስት መልኮች የአንድ እናት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ጀማሪ ሦስት ዝርያ አገኘሁ ይላል። ስለዚህ በአንድ ጢንዚዛ ላይ ተመሥርታችሁ አትፍረዱ፤ ከአንድ ቦታ በአንድ ቀን አሥርና ከዚያ በላይ ያዙና ከትልቁ እስከ ትንሹ ደርድራችሁ እዩ።

ተመሳሳዮቹን በትክክል የሚለየው የወንዱ ብልት ነው። በአንድ ሲኒ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጢንዚዛውን ለግማሽ ሰዓት ያህል ንከሩት፣ ሲለሰልስ በጀርባው አስተኙት። ጫፉ የታጠፈ ቀጭን መርፌ በሆዱ መጨረሻ ክዳን ሥር አስገብታችሁ በዝግታ ወደ ውጭ ሳቡ። የሚወጣው ቡናማ፣ እንደ ጥፍር የጠነከረ፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጥ ነገር ነው፤ ጫፉ ላይ ሁለት ክንፎች አሉት። የእነዚህ ክንፎች አጥፋት ከጎን ሲታይ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። በመጀመሪያው ሙከራ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ አንድ ሁለቱ ይሰበራል፤ ብዙ ካላቸው ላይ ተለማመዱ። ያወጣችሁትን ካርድ ላይ አጣብቃችሁ በዚያው እስፒል ላይ ሰኩት። ተለይቶ ሌላ ሣጥን ውስጥ ከገባ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

እስከዚህ ደርሳችሁ ስሙ ካልተገኘ ምን ትጽፋላችሁ? ኦንቶፋገስ ብቻ ከ2,000 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ አለመገኘቱ የሚያሳፍር አይደለም። የሚያስፈልገው ያልታወቀው ነገር የትኛው እንደሆነ ለይቶ መጻፍ ነው፤ ሦስት ዓይነት አለና።

አንደኛው እኔ አለማወቄ ነው። ዝርያው ስም ሊኖረው ይችላል፣ እኔ ግን ማስረጃውን አላሟላሁም። ያኔ ወገኑን ብቻ ጽፌ «ዝርያው ያልተለየ» እላለሁ። የበረንዳዬ ጢንዚዛ አሁን እዚህ ናት፦ «ዲጂቶንቶፋገስ፣ ዝርያው ያልተለየ»። በጣም የምትቀርበው ካለች «ከጋዜላ ጋር ይነጻጸር» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ሳይንቲስቶቹ ለዚሁ በላቲን «ኮንፈር» የሚለውን ቃል አሳጥረው ይጠቀማሉ።

ሁለተኛው ባለሙያዎቹ ራሳቸው ያልተስማሙበት ነው። ኳስ ከሚያንከባልሉት መካከል ኬፐር የሚባሉትን አንዳንዱ ተመራማሪ ራሱን የቻለ ወገን ያደርጋቸዋል፣ ሌላው ስካራቤየስ ውስጥ ያስገባቸዋል። ዝርያዋ ያው ናት፤ ክርክሩ የትኛው ቤት ትግባ የሚል ነው። እዚህ ላይ እናንተ ዳኛ አትሁኑ። የተከተላችሁትን አከፋፈል ጻፉ፣ ሌላውንም በቅንፍ አስታውሱ። ቦታዋ ጨርሶ ያልታወቀ ስትሆን ደግሞ «ኢንሰርቴ ሴዲስ» ይባላል፤ መቀመጫው ያልታወቀ ማለት ነው።

ሦስተኛው እስከ ዛሬ ማንም ስም ያላወጣለት ዝርያ ነው። ልባችሁ ወደዚህ እንዳይቸኩል። አዲስ ነው ለማለት በወገኑ ውስጥ ከተሰየሙት ጋር ሁሉ መነጻጸር አለበት፤ ይህም ስሙ የታሰረበትን የመጀመሪያውን ናሙና፣ ሆሎታይፕ የሚባለውን፣ ማየት ይጠይቃል። የብዙዎቹ የእኛ ጢንዚዛዎች ሆሎታይፕ አውሮፓ ሙዚየሞች ውስጥ ነው። ስም የሚጸናውም በሕጉ መሠረት በታተመ ጽሑፍ ሲገለጽና ሆሎታይፑ ተለይቶ ሲሰየም ነው፤ በፎቶ ግራፍ ሥር የተጻፈ ስም ስም አይሆንም። የዘረመል ምርመራ ይረዳል። የተለመደው ከማይቶኮንድሪያ (የሴል ኃይል ማመንጫ) ዘረመል 658 ፊደላት ያህል ርዝመት ያለውን ቁራጭ ማንበብ ነው፤ ብቻውን ግን አይፈርድም።

የቀድሞ የስም ወረቀት ስትሳሳቱ አትቅደዱ። አዲሱን ከሥሩ ሰኩ። እኔ 12ቱ ጢንዚዛዎች ላይ «ጋዜላ» የሚለው የድሮ ጽሑፌ አሁንም አለ፤ ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንደነበር የሚያሳየው እሱ ነው።

ሣጥኑ በደንብ የሚገጥም ክዳን ይኑረው፣ ጥግ ላይ ናፍታሊን በጨርቅ ቋጥራችሁ አስሩ። በወር አንድ ጊዜ ከጢንዚዛዎቹ ሥር ቡናማ ዱቄት መኖሩን እዩ፤ ካለ ነቀዝ መሰል ትል ገብቷልና ሣጥኑን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ለሁለት ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት።

ባለሙያ ለማማከር መጀመሪያ ፎቶ ግራፍ ላኩ፦ ከላይ፣ ከጎን፣ ከሆድ በኩል፣ ራሷን ከፊት፣ ሁሉም አጠገቡ ማስመሪያ ያለበት። ናሙናውን ከአገር ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለና የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ሳትይዙ አንዲት እግርም በፖስታ አትላኩ። ባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ውስጥ መሰብሰብም የራሱ ፈቃድ ይፈልጋል። ፈቃዱ ሲገኝም ከአንድ ቦታ የተያዙትን ጠቅላላ አትስጡ። ግማሹ እዚሁ ይቅር፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለው፣ ለእኛ ለምሥራቆቹ ደግሞ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ መንገዳችን ላይ ነው። እኔ ከ12ቱ ስድስቱን ለይቼ ጠቅልያለሁ፤ የጥቅምት ዝናብ ካላስቸገረ በሚመጣው ቅዳሜ በሚኒባስ ይዣቸው እወጣለሁ፣ ሣጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ።